በጥር ወር በጢስ አባይ ሸለቆ

ጢስ አባይን አብዛኛው ሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው ሄዶ የሚያየው። እውነት አለው። ክረምቱ ሲወጣ አባይ ሞልቶ፣ ከ40 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው ገደል እስከ 400 ሜትር ጎኑን ዘርግቶ ሲወርድ፣ አጠገቡ ቆሞ ዝም የማይል ሰው አላውቅም። ግን በዚያ ወቅት ፏፏቴውን ታየዋለህ እንጂ አትቀርበውም። እኛ የፈለግነው ደግሞ መዋኘት ነው። ስለዚህ ጥምቀት እስኪያልፍ ጠበቅን።

በጥር ሸለቆው ሌላ አገር ነው። ሣሩ ቢጫ ይሆናል። በክረምት ውሃ ውስጥ የነበረው ጥቁር ድንጋይ ተራቁቶ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር አያስረግጥም። አቧራው እስከ ጉልበት ነው። በዚያ ድርቀት መሀል ውሃው ይጠብቅሃል። ያየሁትን በየቀኑ ማታ ማታ ጽፌዋለሁ፤ ለመሄድ ላሰበ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ዓርብ፣ ባሕር ዳር

ከሰዓት በኋላ ገባን። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣው የአጎቴ ልጅ፣ እና ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ጓደኛችን። ሻንጣ ጥለን በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን። ዓርብ ስለሆነ አሳ ቤቱ ሞልቷል። የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዝን። ከነጭንቅላቱ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር መጣ። ጣና ዳር ተቀምጦ ቆሮሶ መብላትን የሚያክል ምሳ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፀሐዩ ከባድ ነበር። ውሃው ደግሞ እግራችን ሥር ነው። የአጎቴ ልጅ ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ። የባሕር ዳሩ ጓደኛችን ክንዱን ያዘው።

«እዚህ ጋ አትገባም» አለው። «ቢልሃርዝያ አለ።»

ይህን ነገር ጠንከር አድርጌ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ጣና ዳር ሲዋኙ ፎቶ የሚያነሱ ብዙ ናቸው፤ ስለ ቢልሃርዝያ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የበሽታው ጥገኛ ትል የሚራባው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣዋ የምትወደው ዳር ላይ የተኛ፣ ሣርና ደንገል ያለበት፣ የማይንቀሳቀስ ውሃ ነው። ከእሷ የሚወጡት እጮች በዓይን አይታዩም። በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስተው ይገባሉ። ብዛታቸው የሚጨምረው ደግሞ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ሰው መዋኘት በሚያምረው ሰዓት ማለት ነው። ከውሃ ወጥቶ ቶሎ በፎጣ መድረቅ ብቻውን አያድንም።

ፈሳሽ ውሃ ይሻላል። ፈጣን ወራጅ ላይ ቀንድ አውጣዋ አትደላደልም። ይሻላል ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። በጣና ዙሪያ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ቢመረመር ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ይባላል። በደንብ ይሠራል፤ የሚገድለው ግን ያደገውን ትል ስለሆነ በማግስቱ ተቻኩሎ መዋጥ አይበቃም። ሐይቁ ዳር የሚያድጉ ሕፃናት በየትምህርት ቤቱ ይህን ኪኒን ሲታደሉ የሚያድጉት በምክንያት ነው።

ወደ ማታ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። አባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይም ይታያል። ሲመሽ ጉማሬዎች ሣር ሊግጡ ይወጣሉ፤ ስለዚህ በወንዙ ዳር በእግር መንሸራሸሩን ትተን በባጃጅ ተመለስን።

መውጫው ላይ ስላለው ጨራ ጨራ ግድብ ትንሽ ልበል፣ ቅዳሜ የሆነውን ለመረዳት ያስፈልጋልና። ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ከጣና የሚወጣው ውሃ በዚህ ግድብ በሮች ይለካል። በእ.ኤ.አ. 2001 ሁለተኛው የጢስ አባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የውሃው አብዛኛው ክፍል ፏፏቴውን ትቶ በቦይ መሄድ ጀመረ። በእ.ኤ.አ. 2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ መጣ። እሱ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። እንግዲህ በበጋ ፏፏቴው ላይ የምናየው ውሃ ከዝናብ ይልቅ በሰው ውሳኔ የሚመጣ ነው።

ቅዳሜ፣ ጢስ አባይ

ከባሕር ዳር ጢስ አባይ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ በጫት ማሳና በባሕር ዛፍ መሀል ያልፋል። ቲኬት ቆርጠን አስጎብኚ ያዝን። ወጣት ነው፤ እዚያው ገደል ሥር ዋና የተማረ። መዋኘት እንፈልጋለን ስንለው ወዲያው አልመለሰልንም። አንድ በአንድ አየን።

«ሁላችሁም ትችላላችሁ?»

«እንችላለን።»

«ገንዳ ውስጥ ነው ወንዝ ውስጥ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። ገንዳ ውስጥ የተማረ ሰው ወለሉን ያውቀዋል፣ ጠርዙ የት እንዳለ ያውቃል። ወንዝ ውስጥ ሁለቱም የሉም። የአጎቴ ልጅ ገንዳ ውስጥ ብቻ እንደዋኘ ሲነግረው «እንግዲያው አንተ ከእኔ ጋር ነህ፣ ወንድማለም» አለው።

መንገዱ መጀመሪያ ወደ አላታ ድልድይ ይወስዳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ብዙ ሰው የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። ከፏፏቴው በታች አባይ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆሟል። ያ ከላይ ጎኑን ዘርግቶ የወረደ ወንዝ እዚህ ጋ እንዲህ ሲጠብ አይቶ ስለ ጥልቀቱ አለማሰብ አይቻልም። ገበሬው ከነአህያው ዛሬም በዚያው ድልድይ ላይ ይሻገራል። መሀል ላይ ቆመን ወደ ታች አየን። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ዝም ያለ ይመስላል። አስጎብኚያችን ቅጠል ጣለ። ቅጠሉ ከድልድዩ ሥር ገብቶ በሌላኛው በኩል ብቅ ያለበት ፍጥነት አስደነገጠን።

«እዚህ አይዋኝም» አለ። «ዝም ያለ ውሃ አይታመንም።»

ከዚያ ዳገት ነው። ነጠላና በጌጥ የተሠራ ቅል የሚሸጡ ልጆች ተከተሉን። አንዲት ጥላ ሥር የተቀመጡ እናት ቡና አፍልተው ነበር። «እማማ፣ ዘንድሮ ውሃው እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ይመጣል ይሄዳል፣ ልጄ» አሉኝ። «እንደ ድሮው አይደለም፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።» ሁለተኛውን ቡና ጠጥተን ነው የተነሳነው።

ከመመልከቻው ላይ ፏፏቴው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ይወርድ ነበር። የቀረው ገደል ባዶ፣ ጥቁር ግድግዳ ነው። ፎቶ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ሊከፋው ይችላል። እኔን ግን ያ ባዶ ግድግዳ ነው ያስቆመኝ። ጣና የተፈጠረው ከመሬት ሆድ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የአባይን መውጫ ስለዘጋው ነው። ፏፏቴው የሚወርድበት ገደልም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በክረምት ይህን ሁሉ ውሃው ይሸፍነዋል። በጥር የድንጋዩን ድርብርብ፣ ውሃው የቦረቦረውን ዋሻ፣ ስንጥቁ ውስጥ የበቀለውን ሾላ ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ገደሉ ለአሳም ወሰን ነው። ከታች ያለው አሳ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል የጣና አሳዎች ለብቻቸው ኖረዋል። ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ አሳ ዝርያዎች ሐይቁ ውስጥ ያሉት በዚህ የተነሳ ነው።

ተንጠልጣዩን ድልድይ ተሻግረን ወደ ፏፏቴው እግር ወረድን። ኮንጎ ጫማ ማድረጋችን በጀን። የደረቀው ድንጋይ ያቃጥላል፤ የረጠበው ያንሸራትታል። አስጎብኚያችን ልብስ ሳናወልቅ አስቀመጠንና ውሃውን አሳየን። እንዲህ ያለ ትምህርት ከማንም አግኝቼ ስለማላውቅ እንዳለ ልጽፈው።

ከፏፏቴው ሥር ያለው ውሃ ነጭ ነው። ነጭ የሆነው አየር ስለተቀላቀለበት ነው። አየር የበዛበት ውሃ ሰውን አይሸከምም፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ይሰምጥበታል። በዚያ ላይ የሚወርደው ውሃ ወደ ታች ይጫንና ተመልሶ ወደ ፏፏቴው ይስባል። ስለዚህ ነጩ ውስጥ አይገባም። ከነጩ ቀጥሎ የሚሽከረከር አለ፤ አዙሪቱ ነው። እሱም አይገባም። ከአዙሪቱ ወዲህ፣ ወደ ዳር፣ ጠጠሩ የሚታይበት ቀስ ያለ ውሃ አለ። የኛ ቦታ እሱ ነው። ከመግባትህ በፊት ግን ወደ ታች ዙር። ውሃው ቢወስድህ የት ጋ ትወጣለህ? መውጫ ድንጋይህን በዓይንህ ምረጥ። ካጣህ አትግባ። መዝለል ደግሞ ፈጽሞ የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቋጥኙን ከቦታ ቦታ ያንከባልለዋል። አምና ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ ከሥሩ ድንጋይ ሊኖረው ይችላል።

ጩኸቱ ስለማያሰማ በእጅ ተስማማን። ሁለት እጅ ወደ ላይ ከተነሳ ውጡ ማለት ነው። በመጨረሻም አስጎብኚያችን ዳር ላይ ውሃው በሚነካው ልክ ነጠላ ድንጋይ አስቀመጠ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅነውም።

ገባን። ውሃው እንደጠበቅነው አልቀዘቀዘም። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፀሐይ በደንብ ታሞቀዋለች። ርጥበቱ ከላይ እንደ ካፊያ ይወርዳል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስተ ደመና ይሠራል። በጀርባዬ ተንሳፍፌ ገደሉን ወደ ላይ አየሁት። ከመመልከቻው ያየሁት ፏፏቴና ይህኛው አንድ አልመስል አሉኝ። ከላይ ሆነህ ቁመቱን በቁጥር ታውቀዋለህ። ከሥሩ ስትሆን ደረትህ ውስጥ ይመታል። የአጎቴ ልጅ ከአስጎብኚያችን ጎን እየዋኘ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነበር።

ብዙም አልቆየን፤ አስጎብኚያችን ሁለት እጁን አነሳ። ወዲያው ወጣን። ያስቀመጠውን ድንጋይ አሳየን። ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው።

«ላይ ለቀዋል» አለ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የትም ዝናብ የለም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለን ስንመለከት ውሃው ቀስ እያለ ከፍ አለ። የዋኘንበት ጠጠር ተሸፈነ፤ አዙሪቱም ወደ ዳር ተጠጋ። ጎርፍ አልነበረም፤ ድምፁም ብዙ አልተለወጠም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ድንጋዩ ባይኖር ማናችንም አናስተውልም ነበር። ክረምትና በልግ ላይ የሚመጣው ደራሽ ምልክት አለው። ውሃው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ከሩቅ ይጮኻል። ከበር የተለቀቀ ውሃ ግን ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው።

አገር መብራት ያስፈልገዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ውሃው የሚለቀቅበት ሰዓት ከታወቀ፣ ያንን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ቲኬት በሚቆረጥበት ቦታ መለጠፍ ምን ይከብዳል? እዚያ የሚዋኘው እንግዳ ብቻ አይደለም። ከብት የሚያጠጡ እረኞች አሉ፤ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች አሉ። ለእነሱም ጭምር ነው የምለው።

ማታ ጢስ አባይ ከተማ አደርን። ሽሮ በልተን ተኛን።

እሁድ፣ ጅረቱ

ትናንት ማታ አስጎብኚያችን «ነገ ሰው የማይሄድበት አሳያችኋለሁ» ብሎን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መጣ። በተንጠልጣዩ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ጅረት ይዘን ወደ ላይ ሄድን። እዚህ ከሐይቁ የሚለቀቅ ውሃ ስለሌለ ስለ በር አናስብም። በበጋ ጅረቱ ቀጭን ነው። አንዳንድ ቦታ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሻገርን፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ወገባችን እየገባን ሄድን።

መጀመሪያ ያገኘነው መውረጃ ከሰው ቁመት እምብዛም አይበልጥም። ከሥሩ ጥቁር ኩሬ አለ። የአጎቴ ልጅ ሊገባ ሲል አስጎብኚያችን ጠበቅ አድርጎ «ቆይ» አለው። ከብት ይዞ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና «አባባ፣ ይሄ ጠበል አይደለም አይደል?» አላቸው። እኔ አለማወቁ ገርሞኝ ነበር። በኋላ ሲነግረኝ ጠበል እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን ዘንድሮ ተባርኮ እንደሆነስ? በጎጃም ከገደል የሚወርድ ውሃ ብዙ ቦታ ጠበል ነው። ሰው ታሞ፣ ጾሞ፣ እየጸለየ የሚቆምበትን ውሃ ቁምጣ ለብሶ መንቦጫረቂያ ማድረግ ነውር ነው። መጠየቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። ሽማግሌው «ወንዝ ነው ልጆቼ፣ ዋኙ» አሉን። «ብቻ ሴቶቹ ከታች ውሃ እየቀዱ ነው፤ አታደፍርሱባቸው።»

ስለዚህ ጠበቅን። ሴቶቹ ቀድተው እስኪሄዱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። በቆሎ ቆሎ ቆረጠምን። ያ መጠበቅ ከጉዞው ሁሉ ከወደድኳቸው ሰዓቶች አንዱ ነው። ጦጣዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። አስጎብኚያችን ልጅ ሆኖ ከብት እየጠበቀ እንዴት ዋና እንደተማረ አጫወተን። ትልልቆቹ ልጆች ባዶ ጀሪካን በገመድ ወገቡ ላይ አስረው ውሃ ውስጥ ይለቁታል። ሲችል ጀሪካኑን ይፈቱለታል። አሁን እሱም ለታናናሾቹ እንዲሁ ያደርጋል።

ኩሬው ውስጥ ስንገባ ከትናንቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ፀሐይ በደንብ አያገኘውም። መጀመሪያ አስጎብኚያችን በረጅም እንጨት ሥሩን ለካ። ከዚያ በእግራችን እየዳሰስን ገባን። መውረጃው ትንሽ ስለሆነ ከሥሩ መቆም ይቻላል። ትከሻዬ ላይ ሲወርድ የሳምንቱ ድካም ሁሉ አብሮት ወረደ። እውነቱን ለመናገር፣ ከታላቁ ፏፏቴ ሥር ስዋኝ ግማሽ ልቤ ፍርሃት ነበር። እዚህ ግን ሙሉ በሙሉ ደስ አለኝ። ጢስ አባይ ሄዶ መዋኘት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ለማየት ወደ ትልቁ፣ ለመዋኘት ወደ ትንሹ ሂድ እለዋለሁ።

ስንመለስ ከፏፏቴው በላይ ባለው በኩል በጀልባ ተሻገርን። እዚያ ጋ አባይ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ ለዋና ይጋብዛል። ባለጀልባውን «እዚህ የሚዋኝ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። እጁን ወደ ገደሉ አመለከተኝ። በቂ መልስ ነው። ከፏፏቴ በላይ ማንም መዋኘት የለበትም፤ ውሃው የቱንም ያህል የተኛ ቢመስል።

ሰኞ፣ ዘጌ

ዋና የለም። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን፣ በቡና ጫካው ውስጥ ለውስጥ ሄደን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ስለ ሥዕሎቹ ሌሎች በደንብ ጽፈዋል። እኔን የገረመኝ ከዛፉ ሥር የሚበቅለው ቡና ነው፤ ጫካው ሳይመነጠር ሰው ይኖርበታል። በመንገድ ላይ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ላይ አንድ አሳ አጥማጅ አለፈን። ቁጭ ብሎ ሲቀዝፍ ታንኳው ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ወንበር ላይ እንዳለ ሰው ተረጋግቷል። ባለጀልባችን በሰሜን ምሥራቅ በኩል እምቦጭ የአሳ አጥማጆቹን መንገድ እንዴት እንደሚዘጋ ነገረን። አረሙ በሐይቁ ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ የአጎቴ ልጅ ለአስጎብኚያችን ደወለ። ከአላታ ድልድይ በታች ያለውን ሸለቆ በእግር መውረድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀው። ይቻላል አለው፤ ግን ከሚያዝያ በፊት፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ድንኳን ተይዞ። ደግሞ ገንዳ ውስጥ ሳይሆን ወንዝ ውስጥ ተለማምዶ እንዲመጣ አዘዘው። የካቲት መጨረሻ ላይ ተቀጣጥረናል።